«አይጠብቅም» ብለህ የጻፍክበት ጣሳ

ደምሴ፣ የቤዛ አባት፤

በደብዳቤ ወግ ቢሆን «ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ነበር የምጀምረው። የአንተ የጤና ነገር ግን አብቅቷል፤ ስለዚህ እሱን ዘልዬዋለሁ። እኛም ደህና ነን አልልህም፤ በሕይወት አለን። ትናንት ሙት ዓመትህን አወጣን። ካህናቱ ፈትተውህ ሄዱ፣ ጎረቤቱ በልቶ ጠጥቶ መረቀ፣ ድንኳኑም ተነቀለ። ዛሬ ቤቱ ጭር ሲል እስክሪብቶ አነሳሁ። ከተለየኸን ዓመት ሞላ ማለት ነው። ድንኳኑ ውስጥ አንዷ «ወይ ጊዜ፣ እንዴት ይሮጣል» ስትል ሰማሁ። የእኔ አልሮጠም።

የሞተን አይወቅሱም ይላሉ። እኔ ልወቅስህ ነው የተቀመጥኩት። ዓመቱን ሙሉ የምወቅሰው ሌላ ሰው ስለ ነበረኝ አንተን ትቼህ ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን ተራህ ደርሷል። ቅር አይበልህ፤ በሕይወት እያለህም ቢሆን ነገር አምቄ የማድር ሴት እንዳልሆንኩ ታውቃለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ቤዛ አንደኛ ክፍል ገባች። የፊት ጥርሷ ወልቆ «ሰ»ን በፉጨት ነው የምትለው፤ አንተ ብትሰማት ቀኑን ሙሉ «ሰሎሞን» በይ እያልክ ታስቸግራት ነበር። እናትህ እማማ ወርቅነሽ ዓይናቸው ጨርሶ ደክሟል፤ ሰው የሚለዩት በእርምጃው ነው። ጥቁሯ በግ መንታ ወልዳ አንዱን ውርጩ ወሰደብን። በልጉ ዘግይቶ መጣ፣ ገብሱ ግን ከፈራሁት ይሻላል። ዘንድሮ ጥብቁ የጓሳ ሣር ለአጨዳ ተከፍቶ ስለ ነበር ማድቤቱ አዲስ ሣር ለብሷል፤ ያ በዝናብ ቁጥር ድስት እየደቀንኩ የማማርርበት ቀዳዳ ተደፍኗል።

ማን አጨደው፣ ማን ከደነው ብለህ እንደምትጠይቅ አውቃለሁ። ወንድምህ ነው፤ ሽፈራው። ማሳውንም ያረሰው እሱ ነው።

እሱ አረሰ እንጂ እኔ እረስልኝ አላልኩትም። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልሄድ ስወጣ በሬዎቹን ጠምዶ ማሳው መሐል አገኘሁት። ሳላየው እንዳለፍኩ ሆኜ አለፍኩ። ትምህርት በሌለበት ቀን ደግሞ መጣ፤ ያን ዕለት ቤት ነበርኩ። በእኛ አገር እርሻ ላይ ለዋለ ሰው ምሳ ይወጣለታል፤ ይህን ያስቀረች ሴት ስሟ በበጎ አይነሳም። እኔ ቁራሽ ዳቦ አላወጣሁለትም፤ ውኃም አላልኩትም። እናትህ ከድርሻቸው ቆርሰው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ በዘንጋቸው እየዳበሱ ወደ ማሳው ሲወርዱ አየሁ። አየሁና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ዓመቱ እንዲህ ነው ያለፈው፤ በጓሮ መጥቶ ይሠራል፣ በጓሮ ይሄዳል፣ ደጄን አይረግጥም። አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ ባየሁት ቁጥር ይበልጥ ይብሰኝ ነበር። ቀና ብሎ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ያመጣብን ያ ሥራህ ነው።

ከውትድርና ስትመለስ ሌላው ጓደኛህ ቁስልና ወሬ ይዞ ሲመጣ አንተ ያመጣኸው በመሣሪያ ጥገና ክፍል የተማርከውን ነበር። አገሩም ተቀበለህ። በየቤቱ ከአያት የወረደ ምንሽር ተሰቅሏል፤ ጥይቱ ግን ገበያ ላይ የለም። ጅብ በረት ሲሰብር ባዶ ጠመንጃ ይዞ «ሂድ!» ማለት ብቻ ነው። አንተ የተተኮሰውን ባዶ ቀልሃ ሰብስበህ፣ ባሩድ ሞልተህ፣ አዲስ እርሳስ አስገብተህ እንደገና ጥይት ታደርገዋለህ። ከጊሼ ድረስ በፈረስ የሚመጣብህ ሰው ነበር። እኔ ደስ አላለኝም፤ ደግሞም አልከለከልኩህም። ቤቱ ውስጥ ያ የብረትና የዘይት ሽታ ሲገባ መስኮት ከመክፈት በቀር ያደረግኩት ነገር የለም።

የዚህ ሥራ ፍጻሜው አንገቱ ላይ ነው ትል ነበር። ጥይት ሲተኮስ የቀልሃው አንገት ይሰፋል፤ አዲሱን እርሳስ ጨብጦ እንዲይዝ መልሶ መጥበብ አለበት። ለእሱ ደብረ ብርሃን ቶርኖ ቤት ያስቀረጽከው ብረት ነበረህ፤ «ማጥበቂያ» ትለዋለህ። ቀልሃውን እዚያ ውስጥ ትጫነዋለህ፣ ታወጣዋለህ፣ ታየዋለህ፣ እንደገና ትጫነዋለህ። በጣም ከላላ እርሳሱ ወደ ውስጥ ይሰምጣል ወይም ከቀልሃው ይሾልካል። በጣም ከጠበቀ ደግሞ በሰዓቱ መልቀቅ እንቢ ይልና ጥይቱ ያሻው ቦታ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የማውቀው ፈልጌ አይደለም፤ ስትነግረኝ ስለኖርክ ነው።

የተጋባን ሰሞን ግድግዳ ጥግ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ አንዷን ጥይት መዳፌ ላይ አስቀመጥካት። ጫፏን በአውራ ጣትሽ ግፊያት አልከኝ። ገፋኋት፣ አልነቃነቅ አለች። ሌላ ሰጠኸኝ፤ ያቺ ወደ ውስጥ ገባች። ልጅ እንደ መያዝ ነው አልከኝና አባባልህን አመጣህ፦ «ከላላ ይጥላል፣ ከጠበቀ ያንቃል።»

ከዚያ ወዲህ ለሁሉ ነገር የምታመጣት ምሳሌ እሷው ሆነች። ቤዛ ተወልዳ በፍርሃት ደረቴ ላይ ጭምቅ አድርጌ ስይዛት ከላላ ይጥላል፣ ከጠበቀ ያንቃል። ተማሪ ቀጥቼ ተናድጄ ስገባ ያችው። ከእናትህ ጋር በአንድ እንስራ ጠላ የተነሳ ሳምንት ስንኮራረፍ፣ አሁንም ያችው። ስልችት ብላኝ ነበር፤ ገና አፍህን ስትከፍት እኔ እጨርሳት ነበር። አሁን የሚጀምራት የለም።

እንግዲህ ወደ ወቀሳዬ ልምጣ። ያለቁትን ጥይቶች በወተት ዱቄት ጣሳ ነበር የምታስቀምጠው። ጣሳዎቹ ላይ በእኔ ጠመኔ ትጽፋለህ፤ ከትምህርት ቤት በቦርሳዬ ጥግ ይዤ የምመጣውን ስብርባሪ አንተ ነህ የምትጨርሰው። ያን ሰሞን አብዛኛው ቀልሃ ብዙ ጊዜ ተተኩሶ ናሱ ደርቆብህ ነበር። ማጥበቂያው ውስጥ ሲገባ ይጠባል፣ ሲወጣ መልሶ ይከፈታል። እርሳሱን ካስገባህባቸው በኋላ በጣትህ ገፋ ብታደርጋቸው አንገታቸው አልይዝ አለ። ፈትቼ፣ አንገቱን በፍም አግዬ አለሰልሰዋለሁ ብለህ ለብቻ ጣሳ ከተትካቸው። በአንደኛው ጣሳ ላይ «ሆኗል» ብለህ ጻፍክ። በሌላው ላይ «አይጠብቅም» ብለህ ጻፍክ።

እኔ አራተኛ ክፍል አማርኛ የማስተምር ሰው ነኝ። ያን ቃል እንዳየሁት ነው የቆረቆረኝ። አንተ «ብ»ን አላልተህ ነው የጻፍካት፤ አንገቱ አይጠብቅም፣ የላላ ነው ለማለት። አጥብቆ የሚያነባት ሰው ግን ጊዜ አይሰጥም፣ አይቆይም፣ ቶሎ ይለቅ ነው የሚላት። ፊደሉ አንድ ነው። ለተማሪዎቼ «ገና»ን ጽፌ ሁለት ጊዜ የማስነብባቸው ለዚህ አይደለም?

«ደምሴ፣ ይህ ቃል ሁለት አፍ አለው፤ ‹የላላ› በለው ወይ ጠብቆ ይነበብ ላልቶ የሚለይ ነጥብ አድርግበት» አልኩህ።

«ከእኔ በቀር ማን ሊያነበው?» አልከኝ።

እየሳቅክ ነበር። አስተማሪ ማግባት ይህ ነው፣ ጣሳም ይታረምብሃል ብለህ ለእናትህ ስታወራ ሰማሁህ። እሳቸውም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። በቀልሃ አንገት የፀጉር ስንጥቅ የማታልፍ ሰው፣ አንዲት ነጥብ ከበደችህ። ጠመኔው እጅህ ላይ ነበር እኮ። ይህን ነው ዓመቱን ሙሉ ማንም እንዲሰማኝ ያልፈለግኩት፤ የምናደደው በወንድምህ ብቻ አይደለም፤ በአንተም ነው።

አጎታችሁ ጋሽ ተክሌ ያረፉ ዕለት አንተ ማልደህ መቃብር ቁፋሮ ሄድክ። እኔም ከሴቶቹ ጋር ለቅሶ ቤት ነበርኩ። በአገሩ ልማድ እንደ እሳቸው ያለ ስመ ጥር አዛውንት አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ይተኮስለታል። ጠመንጃውንና ጥይት ይዘህ ና ብለህ ለሽፈራው በስልክ ነገርከው። ከየትኛው ጣሳ እንደሚያወጣ አልነገርከውም። ለአንተ ግልጽ ነበራ።

ቀጥሎ የሆነውን ከእሱ አፍ የሰማሁት በአርባህ ነው፤ አንተ ሳታውቀው ነው የሄድከው፣ ልንገርህ።

ሽፈራው ሁለቱን ጣሳዎች አየ። ዳዊት የደገመ ልጅ ነው፤ የኔታ ዘንድ ጠብቆ የሚነበበውን ባላላ ቁጥር በኩርኩም የተማረ። «አይጠብቅም» የሚለውን አጥብቆ አነበበው። እነዚህ የቆዩ ናቸው፣ አይቆዩም ማለቱ ነው ብሎ አሰበ። ለለቅሶ ተኩስ እነዚህ ይለቁ፣ ደህናዎቹ ለጅብ ይቆዩለት ብሎ፣ አዝኖልህ፣ ቆጥቦልህ፣ ያንን ጣሳ ይዞ መጣ።

ግቢው ውስጥ አንዷን አጎረሰ። አንድ ሽማግሌ ገና ነው፣ አስከሬኑ አልወጣም፣ ቆይ ጠብቅ አሉት። የጎረሰ ጠመንጃ ሰው መሐል አይያዝም ብለህ ያስተማርከው አንተ ነህ፤ ስለዚህ ከፍቶ አወጣት። የወጣው ግን ቀልሃው ብቻ ነው። እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ፤ ባሩዱ እጅጌው ላይ ፈሰሰ። አራገፈው። ብላሽ ጥይት ናት ብሎ ቀልሃውን ኪሱ ከተተ። ለቅሶ ቤት መሐል ይህን ለማን ይነግራል? አስከሬኑ ብቅ ሲል ሌላ አጎረሰ። ከመሐል ሜዳ ከተማ የመጣው የፖሊስ መሣሪያ አዋቂ በኋላ ያለውን እነግርሃለሁ፤ ሁለተኛዋ አንገቷ የጠበቀ ቢሆን ኖሮ ከፊቷ ያለው እርሳስ አያስገባትም ነበር፣ መቀርቀሪያውም እንቢ ብሎ ያስጠነቅቀው ነበር። እሷም እንደ እህቷ የላላች ስለ ነበረች እርሳሷ ወደ ኋላ ሰምጦ መንገድ ለቀቀ። መቀርቀሪያው ሰተት ብሎ ተዘጋ።

ከዚያ አንተ ከመቃብሩ ሥፍራ አፈር እንደ ለበስክ መጣህ። ታላቅ እያለ ታናሽ አይተኩስም። ወንድምህ ጠመንጃውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጠህ። «ጋሼ፣ አንተ ጀምር» አለህ።

ድምፁን ከሴቶቹ መሐል ሆኜ ሰማሁት። የተኩስ ድምፅ አልነበረም፤ ብረት ሲፈነዳ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍልህም። በቃሬዛ ወደ መኪናው መንገድ ስናወርድህ ጭንቅላትህን ይዞ የነበረው እሱ ነው፤ ለእሱም ቢሆን ይህን እውነት አልነፍገውም። መሐል ሜዳ ሳንደርስ እጅህ ቀዘቀዘብኝ።

በነጋታው አንተን ልንቀብር ስንወጣ ወንዶቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ተሰልፈው አገኘኋቸው። በተኩስ የሞተን ሰው በተኩስ ሊሸኙት! አስከሬንህ ፊት ቆሜ አንድ ጥይት ቢጮኽ አብሬ እገባለሁ አልኳቸው። አፈሙዛቸውን ዝቅ አደረጉ። ክብር ነፈገችው ብለው እስከ ዛሬ ያሙኛል። ይሙኝ። አንተ በዝምታ ነው የተቀበርከው፤ የተሰማው የካህናቱ ዜማና የእናትህ ድምፅ ብቻ ነው።

ፖሊስ የተሰነጠቀውን ጠመንጃ ወሰደ፤ ጠይቆ መርምሮ አደጋ ነው ብሎ ዘጋው። እንደዚያ ብዬ መዝጋት ይቻለኝ ነበር። ግን አፈሙዙ ውስጥ እርሳስ ቀርቶ ነበር የሚለው የመሣሪያ አዋቂው ነገር አላስተኛኝ አለ። አንተ እንዲህ ያለ ጥይት ለሰው እንደማትሰጥ አውቃለሁ። በአርባህ ሽፈራውን ለብቻው ይዤ ከየትኛው ጣሳ አወጣህ አልኩት። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል የሚባለው ደረሰብኝ። ሁሉን ነገረኝ፤ አንዲት ነገር አልደበቀም። ሲጨርስ «እቴቴ፣ እኔ እኮ አይቆዩም ያለ መስሎኝ ነው» አለኝ።

ታውቃለህ ምን እንዳናደደኝ? አለመሳሳቱ። ያን ቃል በሰሌዳ ጽፌ አንብብ ብለው፣ እንዳነበበው ቢያነበው፣ ሙሉ ነጥብ ነበር የምሰጠው። ልክ ነበር። አንተም ልክ ነበርክ። በሁለት ልክ ሰዎች መሐል እኔ ባል አልባ ሆንኩ። ቢዋሽ፣ ቢሰክር፣ ቢቀናብህ ኖሮ ጥላቻዬ ማረፊያ ያገኝ ነበር። ቤቴን ለቀህ ውጣ፣ ዳግም ደጄን እንዳትረግጥ አልኩት። ወጣ።

ሽማግሌ ልኮብኛል፤ ከአንድም ሁለት ጊዜ። በልማዱ ድንጋይ ተሸክሞ እግርሽ ላይ ይውደቅ አሉኝ። ድንጋይ አልፈልግም፣ ቤቴ ዙሪያ ድንጋይ ሞልቷል አልኳቸው። አንደኛው ሲወጡ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲሉ ሰማኋቸው። ጣሳም አይለቅም ልላቸው አማረኝ፤ ለሽበታቸው ስል ተውኩት። በዓመቱ ካልታረቅሽው ልጁ አገር ለቆ ቆላ ሊወርድ፣ መርሐቤቴ ሊገባ ነው አሉኝ። ይሂድ አልኩ። እናትህ ጥግ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። አንድ ልጃቸውን ቀብረው ሌላውን እኔ ላባርርባቸው። በነጠላቸው ተሸፍነው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ማጥበቂያህን ፈልገህ እንዳታጣው ልንገርህ፤ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው። አንድ የጊሼ ሰው ሊገዛው መጥቶ ነበር፣ የሟች ሙያ እንዳይጠፋ ብሎ። ፊቱ ወስጄ ወረወርኩት። አዝናለሁ አልልህም። ጣሳውን ግን አልጣልኩትም። ባዶውን መደርደሪያ ላይ ነው፤ ጠመኔው እየደበዘዘ ቢሆንም ይነበባል።

አሁን የትናንቱን ልጨርስልህ። ሽፈራው ከማለዳ ጀምሮ ግቢ ነበር። እንጨቱን ፈለጠ፣ ውኃውን ቀዳ፣ ድንኳኑን ተከለ። ካህናቱ ገብተው ሲቀመጡ እሱ አልገባም። እኔም አልጠራሁትም። ወጥ እያወጣሁ ሳለ እናትህ ግድግዳውን እየዳበሱ ማድቤት ድረስ መጡ። አልለመኑኝም፤ አላለቀሱም። እንደ ተራ ነገር፣ በጉ በረት ገብቷል እንደሚሉት አድርገው «አስካለ፣ ሽፈራው ደጅ ይጠብቃል» አሉኝ።

ጭልፋው እጄ ላይ ቀረ። ደምሴ፣ ያ ቃል በአፍ ሲነገር አያሳስትም። ፊደል ያልቆጠሩት እናትህ «ብ»ን ረገጥ አድርገው ነው ያሉት፤ ማንም ላልቶ ሊሰማው አይችልም። ዓመቱን ሙሉ በጠመኔ እንደ ተጻፈ በዓይኔ ሳየው ነበር የኖርኩት፤ በጆሮዬ አልሰማሁትም ነበር። ለካ ያ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲያርስና ሲከድን የነበረው ሥራ አልነበረም። ይጠብቅ ነበር። የአንተ ምሳሌም ማድቤት ድረስ ተከትላኝ መጣች፤ ከላላ ይጥላል፣ ከጠበቀ... አልጨረስኳትም። እናትህ ፊት ለፊቴ ቆመዋል። ቂሜን አጥብቄ በመያዜ የታነቀው ማን እንደሆነ ለማየት ዓይን አያስፈልግም ነበር።

ወጣሁ። በረቱ አጠገብ የፈለጠው እንጨት ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። አንድ ቀን ፊት ለፊት ባገኘው የምለውን ዓመቱን ሙሉ አሰናድቼ ነበር፤ ብዙ ነው፣ መራራ ነው።

«ግባ፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል» አልኩት።

በጓሮ ሊዞር ሲል በዋናው በር ነው አልኩት። ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ቁመቱ ያንተ ስለሆነ ለዚያ በር ጎንበስ ማለት ግድ ነው። አቀረብኩለት። ቆርሶ ያዘው እንጂ አልጎረሰም። እናትህ በዳበሳ አፉን ፈልገው አጎረሱት፤ ያን ጊዜ እሱም እሳቸውም አለቀሱ። ቤዛ ጭኑ ላይ ወጥታ ጥርሷ የወለቀበትን አሳየችው። ቆላ እወርዳለሁም አልወርድም አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ሲወጣ ግን እሁድ ስትመጣ በበሩ ግባ አልኩት።

ይቅር አልሽው ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። አላውቅም። ሲበላ እጁን አየሁና ጠመንጃውን የሰጠህ እጅ መሆኑ ትዝ አለኝ። ይህ የሚለቀኝ አይመስለኝም። ግን በላ። ከእኔ ማዕድ በላ። ለአሁኑ ያለኝ ይኸው ነው። አንተንም ቢሆን እንደዚሁ ነው፤ ወቅሼህ አልጨረስኩም፤ ግን ከዛሬ ጀምሮ እየወቀስኩህም አወራሃለሁ።

ዘንድሮ መጽሐፉ ጠብቆና ላልቶ ስለሚነበቡ ቃላት የሚለው ትምህርት ላይ ሲደርስ ገጹን ዘልዬዋለሁ። ልጆቹ አላወቁብኝም። በሚቀጥለው ዓመት አልዘለውም። «ገና»ን ትቼ የአንተን ቃል ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ ሁለት ጊዜ አስነብባቸዋለሁ፣ አንዴ እንደ ጻፍከው፣ አንዴ እንደ ተነበበው። ከማን እንዳገኘሁት አልነግራቸውም። እዚያ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ያለፈ ልጅ ሁሉ ሳያውቅህ ያስታውስሃል። ቤዛ ስታድግ ደግሞ በአውራ ጣት መግፋቱንና ምሳሌህን አስተምራታለሁ፤ እሷም እንደ እኔ ትሰልቻት።

ከዚህ በላይ የምጽፍልህ የለኝም፤ ጠመኔም ሆነ እስክሪብቶ ላንተ ሲሆን ቶሎ ነው የሚያልቀው። አንዲት ቃል ብቻ ልጨምርና ልዝጋው። እንደ ልማድህ ያለ ነጥብ ነው የጻፍኳት፤ ጠብቃ ትነበብ ላልታ፣ ነጥቧን አንተ አድርግባት።

እጠብቃለሁ።

አስካለ